የሴቶቹን ጨዋታ ስትገምቱ የወንዶቹን ሰንጠረዥ ዝጉት

ሰባት ጓደኛሞች ነን። በየሳምንቱ የእንግሊዝ ሴቶች ሱፐር ሊግ ጨዋታዎችን እንገምታለን። ገንዘብ አናስይዝም፤ ብዙ የሳተ ማኪያቶ ይጋብዛል። ግምታችንን የምንጽፍበት ደብተር የሚቀመጠው እኔ ጋ ነው። ማን የት ላይ እንደሚሳሳት ገጹን ገልጬ ማሳየት እችላለሁ።

በ2024/25 የውድድር ዓመት አንዲት ልጅ ተቀላቀለችን። ኳስ ትወዳለች፣ ትከራከራለች፣ ደስ ትላለች። የመጀመሪያ ግምቷን ስትጽፍ ማንችስተር ዩናይትድ ይሸነፋል አለች። ለምን ስላት፣ "ዘንድሮ እኮ አልቻሉም፣ አታይም እንዴ?" አለችኝ። አልቻሉም ያለቻቸው ወንዶቹን ነው።

ከዚህ ስህተት በላይ የሚያናድደኝ የለም። ለዓመታት ሳየው ኖሬያለሁ፤ ኳስ አዋቂ የሚባሉ ሰዎችም ይሠሩታል። ማሊያው አንድ ነው፣ ቡድኑ ግን አንድ አይደለም። አሰልጣኙ ሌላ፣ በጀቱ ሌላ፣ ታሪኩም ሌላ ነው። ያንኑ ዓመት ብቻ ተመልከቱ። የዩናይትድ ወንዶች 15ኛ ሆነው ሲጨርሱ ሴቶቹ 3ኛ ወጡ። የሊቨርፑል ወንዶች ዋንጫ ሲያነሱ ሴቶቹ 7ኛ ነበሩ። የክሪስታል ፓላስ ወንዶች ኤፍኤ ካፕን ባነሱበት በዚያው በሜይ ወር የፓላስ ሴቶች የመጨረሻ ሆነው ከሊጉ ወረዱ። በ2025 ያደገው ለንደን ሲቲ ላዮነስስ ደግሞ ጭራሽ የወንዶች ቡድን የለውም። እሱን ስትገምቱ የማንን ሰንጠረዥ ልታዩ ነው? የሴቶቹን ሰንጠረዥ ክፈቱ። የመጨረሻ አምስት ጨዋታቸውን እዩ። ከተቻለ አንዱን ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። እነዚህ ልጆች ሥራቸው በራሱ እንዲታይ ይገባቸዋል።

አቻን መርሳትም አለ። የኛ ሰዎች ወይ ያሸንፋል ወይ ይሸነፋል ብለው ይጽፋሉ። ቼልሲ በ2024/25 አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ ነው ዋንጫ የወሰደው። 19 አሸንፎ 3 አቻ ወጣ። ነጥብ ያስጣሉት እነማን ነበሩ? አርሰናልን፣ ማንችስተር ሲቲንና ዩናይትድን በደርሶ መልስ አሸንፏቸዋል። ያቆሙት ሌስተር፣ ብራይተንና ዌስትሃም ናቸው። በደብተራችን ላይ ከሦስቱ አንዱን እንኳ አቻ ብሎ የጻፈ አልነበረም።

በትልልቅ ውጤት አትታለሉ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1 ቀን 2019 አርሰናል ብሪስቶል ሲቲን 11 ለ 1 ሲያሸንፍ ቪቪያን ሚዴማ 6 ጎል አግብታ 4 አመቻችታለች። ያን ቀን የሰማ ሰው ከዚያ በኋላ ትልቅ ቡድን ባየ ቁጥር 7 ለ 0 ይጽፋል። 2 ለ 0 ብትጽፉ ይበልጥ ትጠጋላችሁ።

አሁን ወደ ራሴ ስህተት ልምጣ፤ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። ኤፕሪል 27 ቀን 2024 ቼልሲ በቻምፒየንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ በባርሴሎና ተሸንፎ ወደቀ። በአራተኛው ቀን ሊቨርፑልን ሊገጥም ሄደ። እኔ ሳላቅማማ ቼልሲ 3 ለ 0 ብዬ ጻፍኩ። የጨዋታውን ቀን እንጂ ከዚያ በፊት ያለውን ሳምንት አላየሁም። እግራቸውም መንፈሳቸውም ዝሎ ነበር። ሊቨርፑል 4 ለ 3 አሸነፈ።

ሁለተኛውን ስህተት የሠራሁት ያኔውኑ ነው። የያኔዋ የቼልሲ አሰልጣኝ ኤማ ሄይስ ራሷ ዋንጫው እንዳመለጣቸው ስትናገር ሰማሁና ደብተሩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ሻምፒዮን፦ ማንችስተር ሲቲ" ብዬ ጻፍኩ። ሜይ 5 ሲቲ በሜዳው አርሰናልን 1 ለ 0 እየመራ 89ኛው ደቂቃ ደረሰ። የአርሰናሏ ስቲና ብላክስቴኒየስ አገባች። በጭማሪው ደቂቃ ደገመች። በዚያው ቀን ቼልሲ ብሪስቶልን 8 ለ 0 አሸነፈ፤ በመጨረሻው ዕለት ደግሞ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ዩናይትድን 6 ለ 0። ቼልሲና ሲቲ እኩል 55 ነጥብ ያዙ፣ ዋንጫው በጎል ልዩነት ቼልሲ ጋ ቀረ። የቀዩን ጽሑፍ አልሰረዝኩትም። ሰው አለቀ ሲለኝ ያንን ገጽ አሳየዋለሁ።

አሰላለፍ ሳይወጣ አትጻፉ። ከጨዋታው አንድ ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ይወጣል፣ መጠበቅ አይከብድም። በሴቶች ኳስ ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት ጉዳት እጅግ በዝቷል። አርሰናል በ2022/23 አንድ የውድድር ዓመት ሳይሞላ ቤዝ ሚድን፣ ሚዴማን፣ ሊያ ዊሊያምሰንንና ላውራ ቪንሮይተርን በዚሁ ጉዳት አጥቷል። አራት ልጆች! ሚድ ከሜዳ ከወጣች ወር ቢያልፍም ሁለቱ ጓደኞቼ ጎል ታገባለች እያሉ ይጽፉ ነበር።

ሜዳውንም እዩ። አርሰናል ለዓመታት አብዛኛውን ጨዋታ ቦረሃምዉድ በምትገኘው ትንሿ ሜዳው ሲጫወት፣ ትልልቆቹን ኤምሬትስ ላይ ያደርግ ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 ዩናይትድን 3 ለ 1 ሲያሸንፍ 60,160 ሰው ነበር ስታዲየሙ ውስጥ። ሁለቱም "በሜዳው" ተብለው ነው የሚጻፉት፤ ስሜቱ ግን ለየቅል ነው። የኛን አገር የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ለምትገምቱም ይሄ ይመለከታችኋል። ክለቦቹ አንድ ከተማ ተሰባስበው ሲጫወቱ፣ ስሙ ቀድሞ የተጻፈው ቡድን ሁሌ ባለሜዳ አይደለም።

የስም ፍርሃትም አለ። ሜይ 24 ቀን 2025 ሊዝበን ላይ ባርሴሎና ከአርሰናል ለቻምፒየንስ ሊግ ዋንጫ ሲገናኙ ሰባታችንም ባርሴሎና ብለን ጻፍን። ብላክስቴኒየስ ከተጠባባቂ ወንበር ተነስታ በ74ኛው ደቂቃ አገባች፣ 1 ለ 0 አለቀ። ያን ቀን ማኪያቶውን ሁላችንም በየራሳችን ከፈልን።

ያቺ ልጅ አሁንም አለች። ባለፈው ደብተሩን ዘርግቼ እስክሪብቶውን ሳቀብላት አልተቀበለችኝም። ስልኳን ከፍታ ተቀመጠችና "ቆይ፣ አሰላለፉ ይውጣ" አለችኝ።