ከሆቴል ወደ ሆቴል በእግር እንዴት መጓዝ ይቻላል?

በመኪና ለሚጓዝ ሰው ሆቴል የሚመረጠው በዋጋውና በምቾቱ ነው፤ አገር አቋርጦ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ግን ቀዳሚው ጥያቄ ከዛሬው ማደሪያ ተነሥቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከነገው ማደሪያ መድረስ ይቻል እንደሆነ ነው። ስለዚህ አስቀድመው ሆቴሎቹን በካርታ ላይ ምልክት ያድርጉባቸው፤ መንገዱን ከዚያ በኋላ ይፈልጉ።

ከባዱ ሥራ ርቀትን ወደ ሰዓት መለወጥ ነው። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊሊያም ናይስሚዝ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስሌት ዛሬም ያገለግላል፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ 1 ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ ተጨማሪ 1 ሰዓት ይያዛል። በዚህ መሠረት 900 ሜትር ዳገት ያለበት የ20 ኪሎ ሜትር ጉዞ አምስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይህ ግን ዕረፍትን፣ ጭቃንና መንገድ መሳትን አይጨምርም፤ በእኔ እምነት ሢሶውን ያልጨመረበት ሰው ሲመሽበት ሊደነቅ አይገባም። ቀጥሎ መስመሩን በጣትዎ እየተከተሉ ካርታውን ያንብቡ፦ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት የከፍታ መስመሮች ተጠጋግተው ከታዩ ቦታው ገደላማ ነው፤ ወንዝ ካጋጠመም ድልድዩ የት እንዳለ ሳያረጋግጡ አይለፉት፣ ድልድይ ፍለጋ የሚደረግ ዙሪያ ጥምጥም የግማሽ ቀን ጉዞ ሊያስከትል ይችላልና። የግል መሬት የሚያቋርጡ ከሆነ ፈቃድ ይጠይቁ።

የስልክ ጂፒኤስ ካርታው አስቀድሞ ከተጫነ ያለ ኔትወርክም ይሠራል፤ ባትሪው ሲያልቅ ግን የሚታደግዎ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ነው።

ድንኳንም ሆነ የማብሰያ ዕቃ ስለማያስፈልግ ቦርሳዎን ያቅልሉ፤ ውኃ፣ የዝናብ ልብስ፣ ቅያሪ ካልሲና የእጅ ባትሪ ግን አይቅሩ። አዲስ ጫማ አድርገው አይነሡ። ተረከዝዎ መፋጀት ከጀመረ «ስደርስ አየዋለሁ» ሳይሉ እዚያው ቆመው ጫማዎን ያውልቁ፣ እግርዎን ያድርቁ፣ ፕላስተር ይለጥፉ፤ አንዴ ውኃ ከቋጠረ የነገው ጉዞም አብሮ ይበላሻል።

ጠዋት ከመነሣትዎ በፊት ወደሚቀጥለው ሆቴል ደውለው የሚሄዱበትን መንገድና የሚደርሱበትን ሰዓት ይንገሩ፤ ቢዘገዩ እራት እንዲቆይልዎ፣ ጨርሶ ካልደረሱ ደግሞ የት እንደሚፈለጉ የሚያውቅ ሰው እንዲኖር ያደርጋል።