የእጅ ኳስ ፎቶዎቼ ላይ የሚወጣው ጥቁር መስመር እንዴት ጠፋ

አዳራሽ ውስጥ የእጅ ኳስ ጨዋታ በሚረርለስ ካሜራ (ውስጡ መስታወት የሌለው ዲጂታል ካሜራ) ሳነሳ ፎቶዎቹ ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች እየወጡ በጣም አስጨንቀውኝ ነበር። ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚያደርገው ሴንሰር የተበላሸ መስሎኝ ደነገጥኩ። ደጅ በፀሐይ ሳነሳ ግን ምንም የለም፤ ጉዱ ያለው መብራቱ ጋ ነበር።

የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ የአዳራሽ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይደበዝዛሉ። ዓይናችን አይለየውም። ሹተር ማለት ሴንሰሩ ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ የሚወስነው ነው። እኔ የማነሳው በኤሌክትሮኒክ ሹተር ነበር፤ እሱ ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ መብራቱ በመሃል ሲለዋወጥ ለውጡ እንዳለ ፎቶው ላይ ይቀራል።

በመጋረጃ ወደሚከፈተውና ወደሚዘጋው ሜካኒካል ሹተር ስቀይር መስመሮቹ ጠፉ። ነገር ግን ከተከታታይ ፎቶዎች አንዱ ደማቅ፣ ቀጣዩ ጨለም ያለ ሆነ፤ ቀለሙም ይለያያል። ይህን የፈታልኝ የካሜራው ሜኑ ውስጥ ያለው አንቲ ፍሊከር (የመብራት መዋዠቅ መከላከያ) ነው። ሲበራ ካሜራው አምፖሉ የሚደምቅበትን ቅጽበት ጠብቆ ያነሳል። የተከታታይ ፍጥነቱ ትንሽ ቢቀንስም ለእኔ በቂ ነው።

አሁን ሹተር 1/800 ሴኮንድ፣ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ኤፍ 2.8፣ አይኤስኦ (ለብርሃን ያለው ስሜታዊነት) 6400 ላይ ነኝ። ባለፈው ጨዋታ ዘላ የወረወረችውን ተጫዋች ኳሱ ከእጇ ሲለቅ አገኘኋት፤ በተከታታይ ያነሳኋቸው ስምንቱም ፎቶዎች እኩል ብርሃን አላቸው።