ላፕቶፕ በሞባይል ዳታ፦ ጥቅሉ ቶሎ ሲያልቅ ችግሩና መፍትሄው

በስልክ ብቻ ሲሆን ሳምንት የሚያደርስ የዳታ ጥቅል፣ ላፕቶፕ በሆትስፖት በተገናኘበት ዕለት ከምሳ በፊት ያልቃል። የመጀመሪያው ቃል «ብሬን በሉት» ነው። ዳታ ለተማሪውም፣ ከቤቱ ለሚሠራው ተርጓሚም፣ ለሒሳብ ባለሙያውም ከባድ ወጪ ስለሆነ ቁጣው አይገርምም። ይሁን እንጂ ጥቅሉ የተከፈለበትን ያህል ይሰጣል ወይስ አይሰጥም ብሎ ለመፍረድ ዳታው የገባበትን ማወቅ ይቀድማል።

ለአብዛኛው ብክነት መነሻው አንድ ነው። ስልክ ሲሠራ ዳታ በልክ እንደሚገዛ ታስቦ ነው፤ ከባድ ማሻሻያ ሲመጣ ዋይፋይ እስኪገኝ ይጠብቃል። ላፕቶፕ ግን ዋይፋይ ካገኘ ገደብ የሌለው የቤት መስመር ላይ ያለ ይመስለዋል። ሆትስፖት ሲከፈትለት የሚያየው ዋይፋይን ነው፤ ከጀርባው ያለው የ2 ጊጋባይት ጥቅል መሆኑን የሚነግረው የለም። ስለዚህ ሲጠራቀም የቆየውን ሥራ ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውረድ ይጀምራል።

ምልክት፦ ምንም ሳያወርዱ ጥቅሉ ያልቃል

አንድ ጽሑፍ ከፍተው እየሠሩ፣ ኢሜይል ብቻ እየተመለከቱ ጥቅሉ ካለቀ መንስኤው ከበስተጀርባ የሚሠሩ ፕሮግራሞች ናቸው። ቀዳሚው የዊንዶውስ ማሻሻያ ነው። በየወሩ የሚመጣው በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ከ1 ጊጋባይት ያልፋል። ከአንዱ ዕትም ወደ ሌላው መሸጋገር ሲሆን ብዙ ጊጋባይት ይሄዳል። ቀጥሎ የፋይል ማስቀመጫዎቹ ዋንድራይቭና ጉግል ድራይቭ ፋይሎችን ወደ ኢንተርኔት ይጭናሉ። የሚጫነውም እንደሚወርደው ሁሉ ከጥቅሉ እንደሚቀነስ ብዙ ሰው አያስተውልም።

በግምት ከመክሰስ መረጃውን ማየት ይሻላል። በዊንዶውስ 10 «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ «ዳታ ዩሴጅ» ብለው ሲገቡ፣ ባለፉት 30 ቀናት እያንዳንዱ ፕሮግራም ምን ያህል እንደተጠቀመ ተዘርዝሮ ያገኙታል። በዊንዶውስ 11 ይኸው ገጽ «አድቫንስድ ኔትወርክ ሴቲንግስ» ውስጥ ነው። ከላይ የተቀመጠው ስም «ሲስተም» ከሆነ ብዙውን ጊዜ ማሻሻያው ነው።

መፍትሄው ላፕቶፑን እውነቱን መንገር ነው። ከሆትስፖቱ ጋር እንደተገናኙ የዋይፋዩን «ፕሮፐርቲስ» ይክፈቱና «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ። ያን ጊዜ ዊንዶውስ መስመሩ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን ያውቃል፣ አብዛኛውን ማሻሻያም ያቆያል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሁለት ነገር ይስታል። የመጀመሪያው፣ ትእዛዙ የሚሠራው ለዚያ የዋይፋይ ስም ብቻ ነው፤ የሆትስፖቱን ስም ከለወጡ ወይም የወንድምዎን ስልክ ከተጠቀሙ እንደገና ማብራት አለብዎት። ሁለተኛው፣ ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ካገናኙት ላፕቶፑ የሚያየው ኤተርኔት (የገመድ መስመር) ስለሆነ እዚያም ለብቻው ይበራል።

ከዚያ «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ወደሚባለው ይሂዱ። ይህ ክፍል እርስዎ ያወረዱትን ማሻሻያ ለሌሎች ሰዎች ኮምፒውተሮች ሊያካፍል ይችላል፤ በራስዎ ብር በተገዛ ዳታ ማለት ነው። «ከሌሎች ኮምፒውተሮች አውርድ» የሚለውን ትእዛዝ ያጥፉት። በዋንድራይቭ ሴቲንግ ውስጥም በሚተርድ መስመር ላይ ሥራውን እንዲያቆም የሚያደርግ ምርጫ አለ።

ማሻሻያን ለዘለቄታው ማጥፋት ግን ስህተት ነው። የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፈነው በእርሱ ነው፤ ከዳታው የበለጠ የሚያስከፍል ቫይረስ መግቢያ ያገኛል። እስከ አምስት ሳምንት ማቆየት ይቻላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በቢሮ ወይም በዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ፣ ካልሆነም በሌሊት ጥቅል ያውርዱት። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላበቃ ወደ 11 ለመሸጋገር ያሰቡ ብዙዎች አሉ። ይህን በዕለታዊ ጥቅል አይጀምሩት፣ መሐል ላይ ይቋረጥብዎታል። የማክ ተጠቃሚዎች ቬንቹራ ከተባለው የማክ ሥርዓት ጀምሮ ባሉት ዕትሞች በዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ ዳታ የሚቆጥበውን «ሎው ዳታ ሞድ» ያገኛሉ።

ምልክት፦ በቪዲዮና በስብሰባ ጊዜ ዳታው ይነጉዳል

ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሒሳቡ እንዲያ ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት (8 ሜጋቢት 1 ሜጋባይት ነው) የሚሄድ ማንኛውም ነገር በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። ይህን ቁጥር መያዝ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል። ለምሳሌ ዙም ለ720 ጥራት የሁለት ሰው ጥሪ በሰከንድ 1.2 ሜጋቢት ለመላክ፣ 1.2 ሜጋቢት ለመቀበል ይፈልጋል። ሲደመር 2.4 ይሆናል፤ በሰዓት ከ1 ጊጋባይት ትንሽ ይበልጣል። የ2 ጊጋባይት ጥቅል የገዛ ሰው ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ጨረሰ ማለት ነው፣ ማንም ሳይሰርቀው።

ዩቲዩብ ደግሞ ጥራቱን በራሱ ሲመርጥ የማያውንም ስፋት ይመለከታል። በስልክ በዝቅተኛ ጥራት የሚያዩት ትምህርት በላፕቶፕ በ1080 ይከፈታል። ንግግር ለማዳመጥ 360 ወይም 480 ከበቂ በላይ ነው፤ በእጅ ይምረጡት። በዙም ላይ ደግሞ የ«ኤችዲ» ምርጫን ያጥፉ፣ ተናጋሪ ካልሆኑም ካሜራውን ይዝጉት።

በእኛ አገር ከዩቲዩብ እኩል ሊጠረጠር የሚገባው በኮምፒውተር ላይ የተጫነው ቴሌግራም ነው። በደርዘን የሚቆጠሩ ቻናሎችና ቡድኖች ያሉት ሰው ላፕቶፑን ሲከፍት የሚተላለፉት ፎቶዎችና ቪዲዮዎች በራሳቸው መውረድ ይጀምራሉ። «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «አድቫንስድ» ውስጥ በራስ ሰር ማውረድን ለግል፣ ለቡድንና ለቻናል ለየብቻ መዝጋት ይቻላል። ስልኩ ላይ ስለዘጉት ኮምፒውተሩ ላይ ተዘግቷል ማለት አይደለም።

ምልክት፦ ላፕቶፑ ተዘግቶም ዳታው ይቀንሳል

በስልኩ የሆትስፖት ገጽ ላይ የተገናኙትን መሣሪያዎች ዝርዝር ይመልከቱ። የማያውቁት ስም ካለ የይለፍ ቃሉን ይለውጡ፤ ጓደኛ ከዓመት በፊት የተሰጠውን ቃል ስልኩ ያስታውሰዋል። ሌላው መንስኤ፣ አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ክዳናቸው ሲዘጋም ከዋይፋይ ጋር እንደተገናኙ መቆየታቸው ነው። ሥራ ሲያበቁ ሆትስፖቱን ራሱን ያጥፉት።

ምልክት፦ ዳታው አለ፣ ፍጥነቱ ግን የለም

ጥቅሉ «ያልተገደበ» ከሆነ ውሉን ያንብቡ። በእንዲህ ያሉ ጥቅሎች የፍትሐዊ አጠቃቀም ጣሪያ የሚባል ነገር የተለመደ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሄዱ መስመሩ አይቋረጥም፣ ፍጥነቱ ግን ይወርዳል። ያ ካልሆነ ስልኩን ወደ መስኮት ያስጠጉ፣ የ4ጂ ምልክቱ መኖሩንም ይዩ። ፍጥነት መለኪያ ድረ ገጾችን ደጋግመው አይክፈቱ፤ በፈጣን መስመር አንድ ልኬት ብቻ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ሊወስድ ይችላል።

ምልክት፦ ሳይጠቀሙበት ጊዜው አለፈ፣ ወይም ከዋናው ሂሳብ ብር ተቆረጠ

እስከ አሁን ያሉት ችግሮች መፍትሄያቸው በተጠቃሚው እጅ ነው። የዚህኛው ግማሹ ብቻ ነው በእጁ ያለው።

በእጅ ያለውን እናስቀድም። ጥቅል ሲያልቅ ዋናው ሂሳብ ውስጥ ብር ካለ አጠቃቀሙ በመደበኛ ታሪፍ ሊቀጥል ይችላል፤ ላፕቶፕ ደግሞ በደቂቃዎች ያን ብር ያራግፋል። ስለዚህ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ቀሪውን ይጠይቁ (በኢትዮ ቴሌኮም *804#)፣ በስልኩም ላይ የዳታ ጣሪያ ያስቀምጡ። አንድሮይድ ያስቀመጡለት መጠን ላይ ሲደርስ ዳታውን ራሱ ይዘጋዋል።

ጥቅል ሲመርጡ የተሸጠልዎትን ጊጋባይት አይቁጠሩ። የከፈሉትን ብር ጊዜው ሳያልፍ በተጠቀሙበት ጊጋባይት ያካፍሉ። 100 ብር ከፍለው 4 ጊጋባይት ቢገዙና ጊዜው ሲያልፍ 1.5 ጊጋባይት ቢተርፍ፣ የአንዱ ጊጋባይት ዋጋ 25 ሳይሆን 40 ብር ነው። ለላፕቶፕ የዕለት ጥቅል ርካሽ የሚመስለው ይህን ሒሳብ ሰው ስለማያሰላው ነው። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሥራ በይፋ ከጀመረ ወዲህ ሁለት የዋጋ ዝርዝር አለ፤ የኢትዮ ቴሌኮምን *999#ና የሳፋሪኮምን *777# ደውሎ ማነጻጸር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ፍትሐዊነቱ። ገደብ መኖሩን እኔ አልቃወምም። የአንድ የሞባይል ማማ አቅም ለአካባቢው ሰው ሁሉ የሚከፋፈል ነው፤ ማታ ሁሉም ሲገባ ይጣበባል፣ ሌሊት ባዶ ይሆናል። የሌሊት ጥቅል የሚረክሰው ለዚህ ነው፤ ይህም ተገቢ ምክንያት ነው። የማይዋጥልኝ ያልተጠቀምንበትን በ24 ሰዓት ወይም በሳምንት ውስጥ መውሰዱ ነው። ባለሱቅ የሸጠልንን ጤፍ እሑድ መጥቶ የተረፈውን ልውሰድ ቢለን ማን ይሰማዋል? የአንዱ ጊጋባይት ዋጋ በትንሹ ጥቅል ላይ ከትልቁ በልጦ ሲገኝ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ ብር ማውጣት የማይችለው ሰው አብልጦ ይከፍላል።

ይህን ማስተካከል ይቻላል። በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ኩባንያዎች ደንበኛው የጥቅሉን 50፣ 80 እና 100 በመቶ ሲጠቀም እንዲያሳውቁት፣ ቀሪ ዳታን ለማሸጋገርና ለሌላ ሰው ለመስጠት እንዲፈቅዱ፣ ያለ ፈቃዱም ከጥቅል ውጭ እንዳያስከፍሉት አስገድዷል። በዚያው ዓመት የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን አነስተኛ ጥቅል ገዢዎች ለአንዱ ሜጋባይት እጅግ የበለጠ እንደሚከፍሉ በይፋ አስታወቀ። በእኛ አገር ይህን ጥያቄ የሚቀበለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ቅሬታ ሲኖርዎት መጀመሪያ ለኩባንያው ያቅርቡ፣ ምላሹ ካላረካዎት ወደ ባለሥልጣኑ ይውሰዱት። የዳታ ዩሴጁን ገጽ ፎቶና የጥቅል ግዢ መልእክቶችን አያይዘው ከሄዱ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል።

ሁሉንም አስተካክለውም የዳታ ዩሴጁ ዝርዝር በወር ከ40 ወይም ከ50 ጊጋባይት በላይ ካሳየ፣ ሞባይል ዳታ ለእርስዎ ሥራ አይሆንም። በወር ክፍያ በፍጥነት እንጂ በመጠን የማይገደብ የቤት መስመር በሰፈርዎ መኖሩን ይጠይቁ። ከአንድ ጎረቤት ጋር ተካፍለው ሲከፍሉት ሒሳቡ የበለጠ ይቀላል፣ ሞባይሉም ለመንገድ ይቀርልዎታል።