አነስተኛ ድርጅት የመንግሥትን የአቅርቦት ጨረታ እንዴት ያሸንፋል?

ጨረታ ተከፍቶ ዋጋ ሲነበብ ዝቅተኛውን ቁጥር ያስገባው ድርጅት ያሸነፈ ይመስላል። ገምጋሚዎቹ ግን ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዋጋው አይደለም። መጀመሪያ የሚያዩት ፈቃዱ መታደሱን፣ የጨረታ ማስከበሪያው (ተጫራቹ ሐሳቡን ለውጦ እንዳይወጣ የሚያስይዘው ዋስትና) በተጠየቀው መጠንና ለተጠየቀው ጊዜ መያዙን፣ ቅጾቹ መሞላታቸውንና መፈረማቸውን ነው። ከእነዚህ አንዱ ጎድሎ ከተገኘ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ሰነዱ ወደ ጎን ይደረጋል። ጥሩ ዕቃና ተገቢ ዋጋ ይዘው የሚቀርቡ ትናንሽ አቅራቢዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ይህን አልፈው ካሸነፉት መካከል ደግሞ ዕቃውን አስረክበው ክፍያው እስኪመጣ መቆየት የሚያቅታቸው አሉ።

ደረጃ 1፦ ማስታወቂያ ሳይወጣ መዘጋጀት

ከማስታወቂያ እስከ መዝጊያ ያለው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነው፤ በአነስተኛ ግዥ ደግሞ ጥቂት ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፈቃድ እያደሱ፣ የግብር ክሊራንስ እያወጡና ባንክ እየተመላለሱ ሰነድ ማዘጋጀት አይሆንም። ስለዚህ አንድ ቋሚ ፋይል ይኑርዎ፦ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ፣ የግብር ከፋይነት ምዝገባ፣ የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚገልጽ ማስረጃ፣ የተመረመረ የሂሳብ መግለጫ፣ ከቀድሞ ደንበኞች የተገኙ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤዎች፣ ሰነድ ለሚፈርመው ሰው የተሰጠ ውክልና። በፋይሉ ሽፋን ላይ እያንዳንዱ ወረቀት የሚያበቃበትን ቀን ይጻፉና ቀኑ ሊደርስ 1 ወር ሲቀረው ማደስ ይጀምሩ።

የፈቃዱን ዘርፍ ልብ ብለው ይዩ። የጽሕፈት መሣሪያ ለመሸጥ ፈቃድ ያወጣ ድርጅት የቢሮ ወንበር ጨረታ ላይ ቢቀርብ ዕቃው በመጋዘኑ ተደርድሮ እያለ ሊወድቅ ይችላል። በኤሌክትሮኒክ የግዥ ሥርዓት ሲመዘገቡም የሚመርጡት የዕቃ ምድብ ከተሳሳተ ለእርስዎ የሚስማማው ጨረታ ማሳወቂያ አይደርስዎትም።

በተጨማሪም ለአነስተኛ ድርጅቶች የተለየ ድርሻ ወይም ድጋፍ እንዳለ ያጣሩ። ብዙ አገሮች ይህን በሕግ ይደነግጋሉ። ሕንድ የፌዴራል ተቋማት ከዓመታዊ ግዥያቸው 25 በመቶውን ከጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች እንዲገዙ ታዛለች። ኬንያ ከመንግሥት ግዥ 30 በመቶውን ለወጣቶች፣ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ድርጅቶች ትመድባለች። አሜሪካ ከፌዴራል ዋና ውሎች 23 በመቶው ለአነስተኛ ድርጅቶች እንዲሄድ ግብ አስቀምጣለች። አንዳንድ ቦታ ድጋፉ የዋጋ ልዩነት አስተያየት (ሲገመገም ለአነስተኛው ድርጅት ዋጋ የሚደረግ ቅድሚያ) ነው፤ ሌላ ቦታ ከጨረታ ማስከበሪያ ነፃ መሆን ነው። ድጋፉ ግን እንዲሁ አይሰጥም። አነስተኛ ድርጅት መሆንዎን የሚያረጋግጠውን የምስክር ወረቀት ከሰነዱ ጋር ካላያያዙ ገምጋሚው ከየትም አምጥቶ አይቆጥርልዎትም።

ደረጃ 2፦ የትኛውን ጨረታ እንደሚተዉ መወሰን

በወር አሥር ጨረታ በጥድፊያ ከማስገባት ሁለቱን አሟልቶ ማስገባት ይሻላል። ሰነዱ እንደደረሰዎ አስቀድመው ብቁነትን የሚመለከተውን ክፍል ያንብቡ፤ የዓመት ሽያጭ፣ ተመሳሳይ ሥራ የሠሩባቸው ውሎች ብዛት፣ የአምራች የውክልና ደብዳቤ የሚጠየቁት እዚያ ነው። የማያሟሉት አስገዳጅ መስፈርት ካለ «ምናልባት ያልፉልን ይሆናል» ብለው ቀን አያጥፉ። መስፈርቱ ራሱ ከሥራው ጋር የማይመጣጠን ከሆነ ግን በጽሑፍ ይጠይቁ። በአውሮፓ ኅብረት የ2014 የግዥ መመሪያ ለምሳሌ፣ ገዥው በቂ ምክንያት ካላቀረበ በስተቀር ከውሉ ግምት ከሁለት እጥፍ በላይ ዓመታዊ ሽያጭ መጠየቅ አይችልም።

ለጀማሪ የሚመከረው መግቢያ በፕሮፎርማ፣ ማለትም ከጥቂት አቅራቢዎች የዋጋ ማቅረቢያ በመሰብሰብ፣ የሚፈጸመው አነስተኛ ግዥ ነው። ወረቀቱ ቀላል ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን ለቀጣዩ ጨረታ የሚያስፈልገውን የአፈጻጸም ደብዳቤ ያስገኛል። ቀጥሎ በሎት (ለየብቻ በሚወዳደሩባቸው ክፍሎች) የተከፋፈሉ ጨረታዎችን ይፈልጉና የሚችሉትን ሎት ብቻ ይወዳደሩ። አቅምዎ ብቻውን ካልበቃ በሽርክና መቅረብ ይቻላል፤ የሽርክናው ስምምነት የማን ድርሻ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚፈርም በግልጽ ይናገር።

የማዕቀፍ ስምምነት (ዋጋው አስቀድሞ ተወስኖ ዕቃው በየጊዜው የሚታዘዝበት ውል) ሲያዩ ጠንቀቅ ይበሉ። በሰነዱ ላይ የተጻፈው ትልቅ መጠን ብዙውን ጊዜ ግምት እንጂ የመግዣ ቃል አይደለም። ያንን አይተው ዕቃ አስቀድመው ካከማቹ ትዕዛዙ በጥቂት በጥቂቱ እየመጣ ገንዘብዎ መጋዘን ውስጥ ይቀራል።

ደረጃ 3፦ ሰነዱን አንብቦ መልስ መጻፍ

ሰነዱን በእጅዎ እስክሪብቶ ይዘው ያንብቡ። «አለበት»፣ «ይገባል»፣ «ካልቀረበ ውድቅ ይሆናል» የሚሉትን ሁሉ ያስምሩባቸው፤ እያንዳንዱን በተለየ ወረቀት ላይ ይዘርዝሩና ከጎኑ የሚያሟላው ሰነድ የት ገጽ ላይ እንደሚገኝ ይጻፉ። ሲያስገቡ ይህንኑ ዝርዝር ከፊት ማያያዝ ገምጋሚው ሳይቸገር እንዲያገኘው ያደርጋል።

ያልገባዎትን በተሰጠው የጥያቄ ቀነ ገደብ ውስጥ በጽሑፍ ይጠይቁ። መልሱ በአብዛኛው ለሁሉም ተጫራቾች ስለሚላክ ጥያቄው የእርስዎን ዕቃ ወይም ዋጋ የሚያሳይ አይሁን። ዝርዝር መግለጫው የአንድ ድርጅት የንግድ ምልክት ጠርቶ ከሆነ «ተመጣጣኝ ዕቃ ተቀባይነት አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ በር ይከፍታል። ማሻሻያ ከወጣ ደግሞ መቀበልዎን አረጋግጠው ቅጂውን ከሰነዱ ጋር ያያይዙ፤ መዝጊያው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የወጣ ማሻሻያ መጠኑን ቀይሮ ሊሆን ይችላል።

የቴክኒክ መልስ ላይ በጣም የተለመደው ስህተት በየመስመሩ «እናሟላለን» ብሎ መሙላት ነው። መስፈርቱ «ቢያንስ 120 ኪሎ ግራም የሚሸከም» ካለ መልሱ «130 ኪሎ ግራም የሚሸከም፣ የአምራቹ ካታሎግ ገጽ 7» መሆን አለበት። በካታሎጉ ላይም ያ መስመር ይቀለም። ካታሎጉ 110 እያለ ቅጹ ላይ «እናሟላለን» ከተጻፈ የሚታመነው ካታሎጉ ነው።

ደረጃ 4፦ ዋጋ ማውጣት

እዚህ ላይ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። የ500 ወንበሮች አቅርቦትን እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ የማንኛውም አገር ገንዘብ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ በ80 ቢገዛ 40,000 ይሆናል። መጓጓዣና ጫኝ አውራጅ 2,500። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና 10 በመቶ ትርፍ ጨምሮ 46,750 ያስገባል።

የቀረውን እንቁጠር። በመንገድ ለሚሰበሩና በርክክብ ለሚመለሱ 10 ወንበሮች 800፤ ለባንክ ዋስትና አገልግሎትና ለሰነድ 700፤ ለመገጣጠምና ለሠራተኛ 1,000። ድምሩ 45,000 ደረሰ። አሁን ደግሞ ጊዜው አለ። ዕቃውን ገዝቶ ለማድረስ 30 ቀን፣ ለፍተሻ 15 ቀን፣ ለክፍያ 75 ቀን ቢፈጅ ገንዘቡ 120 ቀን ታስሮ ይቆያል። በዓመት 18 በመቶ ወለድ በሚታሰብበት ብድር ይህ ወደ 2,663 ያህል ነው። እውነተኛው ወጪ እንግዲህ 47,663 ሆነ። በ46,750 ያሸነፈው ሰው 500 ወንበር ተሸክሞ 913 ይከስራል። ወጪው ላይ 10 በመቶ ተጨምሮ የአንዱ ዋጋ ወደ 105 ሲጠጋጋ ጠቅላላው 52,500 ይመጣል፤ ከታክስ በፊት የሚገባው ዋጋ ይህ ነው።

በዚህ ዋጋ ላሸንፍ አልችልም ብለው ከፈሩ ትርፉን ከመቁረጥዎ በፊት ወጪውን ይፈትሹ። ከአምራቹ በዱቤ መውሰድ ይቻላል? ውሉ ቅድመ ክፍያ ይፈቅዳል? ቅድመ ክፍያ ብዙውን ጊዜ የባንክ ዋስትና ይጠይቃል፤ ሆኖም የዋስትናው ወጪ ከብድር ወለድ ሊያንስ ይችላል። ከመጠን በላይ የወረደ ዋጋ ራሱ አደጋ ነው፤ ብዙ የግዥ ሕጎች ገዥው ማብራሪያ እንዲጠይቅና ካላሳመነው ውድቅ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ።

ቅጹን ሲሞሉ የነጠላ ዋጋውን ደጋግመው ያረጋግጡ። በብዙ መደበኛ ሰነዶች ነጠላ ዋጋና ጠቅላላ ዋጋ ካልተጣጣሙ የሚጸናው ነጠላው ነው፤ በቃልና በአኃዝ መካከል ልዩነት ሲኖር ደግሞ በቃል የተጻፈው። በምሳሌያችን 105 ለማለት 95 ተጽፎ ጠቅላላው 52,500 ቢሆን፣ ገምጋሚው ወደ 47,500 ያርመዋል። ይህ ከወጪው በታች ነው፤ እርማቱን አልቀበልም ማለት ደግሞ ማስከበሪያን ሊያስወርስ ይችላል። ዋጋው ታክስን ይጨምር እንደሆነም ቅጹ በሚለው መሠረት በግልጽ ይጻፉ።

ደረጃ 5፦ ማስከበሪያና ማስገባት

ባንክዎ የሚሰጥዎትን የጨረታ ማስከበሪያ ደብዳቤ ከባንኩ ሳይወጡ መስመር በመስመር ያንብቡት። የገዥው መሥሪያ ቤት ሙሉ ስም፣ የጨረታው ቁጥር፣ የድርጅትዎ ስም በፈቃዱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል፣ መጠኑ፣ የሚያበቃበት ቀን። በዓለም ባንክ መደበኛ የጨረታ ሰነዶች ማስከበሪያው ዋጋው ጸንቶ ከሚቆይበት ጊዜ 28 ቀን አልፎ እንዲቆይ ይጠየቃል፤ ዋጋው ለ90 ቀን ይጽና ከተባለ ማስከበሪያው 118 ቀን ይሆናል። የቀን ስሌት ስህተት የ1 ቀን ጉድለት እንኳ ቢሆን ሰነዱን ሊጥለው ይችላል። በሽርክና ከቀረቡ ደብዳቤው በማን ስም መሆን እንዳለበት ሰነዱን ይመልከቱ።

በወረቀት የሚገባ ከሆነ ዋናውንና ቅጂውን ለይተው ምልክት ያድርጉ፤ የቴክኒኩና የዋጋው ለየብቻ እንዲታሸግ ከተጠየቀ በቴክኒኩ ፖስታ ውስጥ አንድም የዋጋ ቁጥር አይግባ። በየገጹ ፊርማና ማኅተም ከተባለ ባዶ የሚመስለው የመጨረሻው ገጽም ይቆጠራል። በኤሌክትሮኒክ ከሆነ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይጫኑ። በመጨረሻው ሰዓት ኢንተርኔት ቢቋረጥ ወይም ፋይሉ ከተፈቀደው መጠን በልጦ ቢመለስ ሥርዓቱ አይጠብቅም። የደረሰኝ ማረጋገጫውን ያስቀምጡ።

አንድ ነገር ያለ ማቅማማት መባል አለበት፤ ከተፎካካሪ ጋር ዋጋ መነጋገር፣ በአንድ ባለቤት ሁለት ድርጅት ማስገባት፣ ለገምጋሚ «ምስጋና» መስጠት ከመንግሥት ግዥ ለዓመታት ሊያሳግድ ይችላል። ከዚያም አልፎ ወንጀል ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 6፦ ከመክፈቻ በኋላ

በመክፈቻው ላይ ይገኙና የተነበቡትን ዋጋዎች ሁሉ ይመዝግቡ። ይህ መዝገብ ለሚቀጥለው ዓመት ጨረታ ከማንኛውም የገበያ ጥናት ይበልጣል። ከተሸነፉ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁ። ቅሬታ ካለዎት የአቤቱታ ቀነ ገደብ አጭር ነውና አይዘግዩ፤ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ውጤት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ከተላከ በኋላ ውል ሳይፈረም መቆየት ያለበት ጊዜ ቢያንስ 10 ቀን ነው፤ ሌላ ቦታም እንዲሁ በቀናት የሚቆጠር ነው። አቤቱታው ቁጣ ሳይሆን የሰነዱን አንቀጽ ይጥቀስ።

ካሸነፉ ውሉን ከመፈረምዎ በፊት ከጨረታ ሰነዱ ጋር ያነጻጽሩ። የውል ማስከበሪያውን (ውሉን ለመፈጸምዎ የሚያስይዙትን ዋስትና) በተባለው ቀን ካላቀረቡ ሥራውንም የጨረታ ማስከበሪያውንም ሊያጡ ይችላሉ። የመዘግየት መቀጫውንም ያስሉት፤ በቀን 0.1 በመቶ ከሆነ በ52,500 ውል ላይ የ20 ቀን መዘግየት 1,050 ይበላል፤ ካሰቡት ትርፍ ከአምስት አንድ በላይ ማለት ነው። አምራቹ ሊያዘገይዎ እንደሆነ ሲያውቁ ቀኑ ሳያልፍ ማስረጃ አያይዘው የማራዘሚያ ጥያቄ ያስገቡ፤ ካለፈ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ብዙም አይረዳም።

ደረጃ 7፦ ርክክብና ክፍያ

ክፍያ የሚዘገየው ሁልጊዜ በበጀት እጥረት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አንድ ወረቀት ጎድሎ ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሒሳብ ክፍሉ የሚጠይቀውን ዝርዝር ይውሰዱ፦ በተረካቢው የተፈረመ የርክክብ ሰነድ፣ የፍተሻ ኮሚቴው የማረጋገጫ ሪፖርት፣ የንብረት ክፍል ገቢ ደረሰኝ፣ የውሉ ቁጥር ያለበት የሽያጭ ደረሰኝ። በደረሰኙ ላይ ያለው የዕቃ ስም በውሉ ላይ ካለው ጋር አንድ ቃል ሳይለይ ይጻፍ፤ ውሉ «ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበር» ብሎ ደረሰኙ «ወንበር» ካለ ሊመለስ ይችላል። የተሟላ ጥያቄ ያስገቡበትን ቀን በማኅተም ያስመዝግቡ፤ የክፍያ ጊዜ የሚቆጠረው ብዙውን ጊዜ ከዚያ ቀን ነው።

ገንዘቡ እንደገባ ሁለት ነገር ሳይረሱ ይጠይቁ። አንደኛው የውል ማስከበሪያው መመለስ ነው፤ ለዕቃው የተሰጠ የዋስትና ጊዜ ካለበት የሚለቀቅበትን ቀን በቀን መቁጠሪያዎ ይያዙ፤ በባንክ የተያዘው ገንዘብዎ ከዚያ በፊት ለሌላ ጨረታ አያገለግልም። ሁለተኛው የመልካም ሥራ አፈጻጸም ደብዳቤ ነው፤ የውሉን ቁጥር፣ የዕቃውን ዓይነትና ብዛት፣ የገንዘቡን መጠንና በጊዜው መጠናቀቁን የሚገልጽ ይሁን። ሥራውን የሚያውቁት ኃላፊ በቦታቸው ሳሉ ይውሰዱት።