የሚክሰር ቻናል ከላይ እስከ ታች፦ ከፌደሩ በፊት ጌኑ

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ወይም በለገጣፎ ድንኳን ተጥሎ ሠርግ ሲደገስ፣ ሚክሰሩ (የማይኮቹን ድምፅ ሰብስቦ ወደ ስፒከር የሚልከው መሣሪያ) ፊት የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ሥራውን ከጓደኛው እያየ የተማረ ወጣት ነው። ድምፁ ሲያንስበትም ሲበዛበትም እጁ የሚሄደው ከታች ወዳለው ተንሸራታች፣ ማለትም ወደ ፌደሩ ነው። እኔ ግን በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት ካየኋቸው የድምፅ ብልሽቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከላይ፣ ከመጀመሪያው ማዞሪያ፣ ከጌኑ ነው።

ቻናልን፣ ማለትም የአንድ ማይክ ድምፅ የሚያልፍበትን የማዞሪያዎች ረድፍ፣ ለመረዳት አንድ ነገር መያዝ ይበቃል፤ ድምፁ ከማይኩ ገብቶ ወደ ታች የሚወርድ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ ማዞሪያ የሚሠራው ከበላዩ ያለው ባቀበለው ላይ ነው። ከማይክ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምልክት በሚሊቮልት የሚቆጠር ደካማ ምልክት ሲሆን፣ ሚክሰሩ በውስጡ የሚሠራው ግን ወደ አንድ ቮልት በሚጠጋ መጠን ነው። ጌን ይህን ደካማ ምልክት ወደ መሥሪያ መጠኑ ያደርሰዋል። ካነሰ፣ በኋላ በፌደር ሲነሣ ሽሽታውም («ሽሽ» የሚለው የጀርባ ድምፅ) አብሮ ይነሣል፤ ከበዛ ደግሞ ድምፁ እዚያው ላይ ይሰነጠቃል፣ ከላይ ደፍርሶ የወረደውንም ታች ሊያጠራው የሚችል ማዞሪያ የለም።

ይህን የተማርሁት በአንድ ሠርግ ላይ ነው። ዘፋኟ በፍተሻው ሰዓት ቀስ ብላ እያንጎራጎረች ስለነበር ጌኑን በዚያው ልክ ከፈትሁት፤ ሙሽሮቹ ሲገቡ በሙሉ ጉሮሮዋ ስታወጣው ድምፁ ተሰነጠቀ። ፌደሩን ዝቅ ባደርገውም የተሰነጠቀው ድምፅ ቀነሰ እንጂ አልጠራም። ስለዚህ ጌን ሲስተካከል ፌደሩ ታች ይሁን፣ የቻናሉ የማዳመጫ ቁልፍ ይጫን፣ ዘፋኟም ከዝግጅቱ ሁሉ ከፍ የሚለውን ክፍል ትዝፈን። ከዚያ ጌኑን ቀስ በቀስ በመክፈት፣ መለኪያው 0 አካባቢ እንዲመላለስና ቀዩ መብራት ፈጽሞ እንዳይበራ ማድረግ ነው። በዲጂታል ሚክሰር ላይ ግን 0 ማለት የመጨረሻው ጣሪያ ስለሆነ፣ በአማካይ ከ0 በታች 18 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) አካባቢ መቆየት ይሻላል።

ጌን የማይሠራውንም ማወቅ ያስፈልጋል። የአገር ሽማግሌ ለምርቃት ሲነሡ ማይኩን ደረታቸው ላይ ይይዙታል፤ ድምፃቸው ሲርቅ ወጣቱ ጌኑን ይከፍታል፣ ስፒከሩም ወዲያው ማፏጨት ይጀምራል። በማይኩና በአፍ መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በ6 ዲሲቤል ያህል ስለሚቀንስ፣ መፍትሔው ከማዞሪያው ሳይሆን ከእግር ነው፤ ቀረብ ብሎ በአክብሮት «አባታችን፣ ማይኩን ወደ አፍዎ ጠጋ ያድርጉልኝ» ማለት ማንኛውም ማዞሪያ ከሚሰጠው በላይ ይሰጣል።

ከጌኑ አጠገብ የሚገኘው የ48 ቮልት ፋንተም ፓወር (በማይኩ ገመድ በኩል የሚላክ ኃይል) ያለ ኃይል ለማይሠራው ለኮንደንሰር ማይክና ኃይል ለሚፈልግ የክራር መገናኛ ሣጥን የሚያስፈልግ ሲሆን፣ በብዙ ትንንሽ ሚክሰሮች ላይ አንድ ቁልፍ ለሁሉም ቻናል ይሠራል። ሲበራም ሆነ ሲጠፋ ስፒከሩ እንዳይጮኽ ቻናሎቹ አስቀድመው ይዘጉ።

የዝቅተኛ (የወፍራም) ድምፅ መቁረጫውን ብዙ ሰው አይነካውም፣ እኔ ግን በዚህ አካባቢ እጅግ የሚያስፈልግ ቁልፍ ነው እላለሁ። ከ80 ወይም ከ100 ኸርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) በታች ያለውን ስለሚቀንስ፣ በሱሉልታ በኩል የሚነፍሰው ነፋስ ማይኩ ላይ የሚያሰማውን ጉርምርምታ፣ የመድረኩን የእግር ኮቴ፣ ከጄኔሬተር የሚመጣውንም መንቀጥቀጥ ይቀንሳል። በድምፃውያን፣ በማሲንቆና በክራር ማይኮች ላይ ይጫን፤ በከበሮው ማይክ ላይ ግን አይጫን፣ የከበሮ ግርማ ያለው እዚያው ነውና።

የኢኳላይዘሩ (ቀጭኑን፣ መካከለኛውንና ወፍራሙን ድምፅ ለየብቻ የሚጨምሩና የሚቀንሱት) ማዞሪያዎች ሁሉ ከመሐል ይጀምሩ። በትንንሽ ሚክሰሮች ላይ የላይኛው ብዙውን ጊዜ 12 ኪሎ ኸርዝ፣ የታችኛው ደግሞ 80 ኸርዝ አካባቢ ይሠራል፣ መካከለኛው በመሐላቸው ይገኛል። ከመጨመር ይልቅ መቀነስን እመርጣለሁ፤ ድምፅ ሲታፈን መካከለኛው ማዞሪያ የሚሠራበት ኸርዝ የሚመረጥ ከሆነ፣ ከ200 እስከ 400 ኸርዝ ላይ ጥቂት ቢቀነስ ይከፈታል። ከ2 እስከ 4 ኪሎ ኸርዝ ያለውን ግን ማፏጨትን ለማጥፋት ሲባል በጅምላ መቁረጥ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የተነባቢ ፊደላት ጥራት በአብዛኛው እዚያ ስለሚገኝ፣ በአማርኛ «ጠራ» እና «ተራ» መለየት እስኪያስቸግር ድረስ ንግግሩ ይደበዝዛል።

የኦክስ ማዞሪያዎች ለዋናው ስፒከር ሳይሆን ወደ ሌላ ቦታ የሚላከውን የድምፅ መጠን ይወስናሉ። ለዘፋኙ ሞኒተር (ራሱን የሚሰማበት ስፒከር) የሚላከው ከፌደሩ በፊት የተወሰደ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ለሕዝቡ ባስተካከልን ቁጥር ዘፋኙ የሚሰማው ይለዋወጥበትና ዜማው ይጠፋዋል። ለማስተጋቢያው (ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ ለሚያስተጋባው መሣሪያ) የሚላከው ግን ከፌደሩ በኋላ ይሁን፣ ድምፁ ሲቀነስ ማስተጋባቱም አብሮ እንዲቀነስ። ጌኑ ከሁለቱም በላይ ስላለ፣ በመሐል ዝግጅት ጌን የነካ ሰው ሞኒተሩንም ማስተጋቢያውንም ዋናውንም በአንድ ጊዜ ነክቷል፤ የተረጋጋው ሞኒተር በድንገት የሚያፏጨው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ፓን፣ ማለትም ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ስፒከር የሚያደላው ማዞሪያ፣ በድንኳን ውስጥ መሐል ይቆይ፤ ክራሩን ወደ ግራ ብንልከው በቀኝ የተቀመጡት እንግዶች ሳይሰሙት ይሄዳሉ።

ጌኑ በትክክል ከተያዘ ፌደሩ 0 በሚለው ምልክት አካባቢ ይሠራል፣ ይህም ያለምክንያት አይደለም። የፌደሩ መለኪያ እኩል ስላልተከፋፈለ፣ 0 አጠገብ አንድ ሴንቲሜትር መግፋት ጥቂት ዲሲቤል ሲለውጥ፣ ከታች ግን ያው አንድ ሴንቲሜትር ብዙ ዲሲቤል ይለውጣል። ጌኑ በዝቶበት ፌደሩን ታች ላይ የያዘ ሰው በጣቱ ጫፍ ሊያስተካክለው የሚፈልገው ድምፅ ይዘልበታል።

መብራት በሚቆራረጥበት በእኛ ሰፈር የሚቀረው የማብራት ቅደም ተከተል ነው። ሲበራ ሚክሰሩ ይቅደም፣ አምፕሊፋየሩ ይከተል፤ ሲጠፋ አምፕሊፋየሩ ይቅደም። መብራት በድንገት ከሄደ ሳይመለስ በፊት የአምፕሊፋየሩን ማብሪያ ማጥፋትና የቻናሎቹን ፌደር ማውረድ ያስፈልጋል። ጌኖቹ ግን በተስተካከሉበት ይቆዩ።