ቸርኬው ሰባት ተኩል ነው፤ ጎማው ስንት ይሁን?

«ሰፋ ያለ ጎማ ባስገባላትስ?» ስፖርት መኪና የገዛ ሰው ወር ሳይሞላው ይህን ማሰቡ አይቀርም። እኔም አስቤያለሁ። መልሱን ያገኘሁት ግን አራት ጎማ ገዝቼ፣ አስገጥሜ፣ ከተናደድኩ በኋላ ነው።

መኪናዬ ቶዮታ ጂአር86 ናት። የምነዳት እዚህ ቨርጂኒያ ነው። ከፋብሪካ የመጣችው ባለ 18 ኢንች ቸርኬ ይዛ ነው። የቸርኬው ስፋት 7.5 ኢንች፣ ጎማው 215/40 አር18። ቸርኬ የመቀየር ሐሳብም ገንዘብም አልነበረኝም። ጎማውን ብቻ ለበጋ መቀየር ነበር የፈለግኩት። ከታች ካሉት ስህተቶች ግማሹ የራሴ ናቸው። የቀሩት ቅዳሜ ጠዋት ቡና ይዘን ፓርኪንግ ላይ ስንጫወት የሰማኋቸው ናቸው።

ቸርኬውን ሳያዩ ስፋት መምረጥ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ጎማ ስትፈልጉ ዓይናችሁ የሚያርፈው የመጀመሪያው ቁጥር፣ የጎማው ስፋት ላይ ነው፤ 215፣ 225፣ 235፣ 245። ከፍ ያለው ሁሉ የተሻለ ይመስላል። ግን እያንዳንዱ የጎማ ልክ የሚቀመጥበት የቸርኬ ስፋት ወሰን አለው። አምራቾቹ በጎማው ዝርዝር ላይ ያሰፍሩታል። 215/40 አር18 ከ7 እስከ 8.5 ኢንች ቸርኬ ይፈልጋል። 225/40 አር18 ከ7.5 እስከ 9። 235/40 አር18 ከ8 እስከ 9.5። 245/35ም የሚጀምረው ከ8 ነው። የኔ ቸርኬ 7.5 ነው። እንግዲህ 225 ደጃፉ ላይ ቆሟል፣ 235 ውጭ ቀርቷል።

እኔ 235 አስገባሁ።

የገጠመልኝ ሰው «ይገባል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ገባ። ጎማ በማሽን ተገፍቶ መግባቱ ግን ለቸርኬው ይሆናል ማለት አይደለም። ቸርኬው ሲጠበው የጎማው ሁለት ከንፈሮች ይቀራረባሉ፤ ጎኑ ውሃ እንደያዘ ጉንጭ ወደ ውጭ ይነፋል። መሬት የሚነካው ፊቱም ጠፍጣፋ መሆኑ ቀርቶ መሀሉ ጎበጥ ይላል። በ215ቱ መሪውን ነካ ሳደርገው መኪናዋ ወዲያው ትታጠፍ ነበር። በ235ቱ ግን መጀመሪያ የሚሄደው የጎማው ጎን ሆነ። መኪናዋ አመንትታ ነው የምትከተለው። ገንፎ የማማስል መሰለኝ። በዚያ ላይ የመሀሉ ጥርስ ከዳርና ዳሩ በጣም ቀድሞ አለቀ። ለስፋት ከፍዬ፣ ስፋቱን ሳልጠቀምበት ጣልኩት።

ይበልጥ ያናደደኝ ቆይቼ የገባኝ ነገር ነው። ጎማው ላይ የተጻፈው 235 ከጎን እስከ ጎን ያለው ስፋት በሚሊሜትር ነው። የሚለካው ግን በተወሰነ ቸርኬ ላይ ነው፤ ለ235/40 አር18 መለኪያው 8.5 ኢንች ቸርኬ ነው። ቸርኬው ግማሽ ኢንች በጠበበ ቁጥር ጎማውም 5 ሚሊሜትር ገደማ ይጠባል። 8.5 ላይ 235 የሆነው 7.5 ላይ ወደ 225 ይወርዳል ማለት ነው። 215ቱ ደግሞ ድሮም የሚለካው በ7.5 ቸርኬ ስለሆነ ሙሉ 215 ነው። ሃያ ጨመርኩ ብዬ ለጓደኞቼ የደሰኮርኩት አሥሩ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር።

ከዚያ ደግሞ የብራንድ ልዩነት አለ። የአንዱ ፋብሪካ 225 ከሌላው 235 የማይተናነስ ጥርስ መሬት የሚያስነካበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሁለት ጎማ ስታወዳድሩ በዝርዝሩ ላይ «ትሬድ ዊድዝ» የሚለውን ፈልጉ። እሱ የሚናገረው ስለ ጎኑ ሳይሆን ጥርሱ ስለያዘው ስፋት ነው።

ለ7.5 ቸርኬ 225/40 አር18 ጥሩ ምርጫ ነው። የፈጠራ ነገርም አይደለም፤ ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ባለ 18 ኢንቹ ያንኑ 7.5 ቸርኬና ያንኑ 225/40 ይዞ ከፋብሪካ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ልኩ ገበያ ላይ ሞልቷል። ከ215/40 ይልቅ ብዙ ምርጫ የምታገኙትም በሱ ነው።

ሁለተኛውን ቁጥር መርሳት

40 የጎማው ጎን ቁመት ነው። ግን ሚሊሜትር አይደለም፤ የስፋቱ መቶኛ ነው። ስለዚህ ስፋቱን ጨምራችሁ 40ውን ባለበት ከተዋችሁት ጎማው ቁመትም ይጨምራል። የ215 አርባ በመቶ 86 ሚሊሜትር ነው። የ235 ግን 94። ከላይና ከታች ስትደምሩት የጎማው ዙሪያ ገብ ቁመት ከ629 ወደ 645 ሚሊሜትር ያድጋል፤ 2.5 በመቶ መሆኑ ነው። የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል እናንተ ከበፊቱ በሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር ፈጥናችኋል። ማርሾቹም በዚያው ልክ ይረዝማሉ፤ ስትነሡ ቀዝቀዝ ትላለች። ፍጥነት ጨመርኩ ባዩ ሰውዬ መኪናውን አዘግይቶ አረፈው።

225/40 ላይ ልዩነቱ 1.3 በመቶ ነው። ይህን የሚያህል ማንም አይሰማውም።

ከኋላ ብቻ ማስፋት

መልኩ ያምራል፣ አልክድም። ሆንዳ ኤስ2000ን ከ2004 ጀምሮ ያየ ሰው ከፊት 215፣ ከኋላ 245 አይቶ ይሆናል። ግን እሷ ቸርኬዋም ይለያያል፤ ከፊት 7፣ ከኋላ 8.5 ኢንች ነው። መሐንዲሶቹ ሆን ብለው የሠሩት ነው። 86 ደግሞ አራቱም እኩል እንዲሆኑ የታሰበች ናት። የኋላውን ብቻ ብታሰፉ ኋላው ይይዝና ፊቱ ኩርባ ላይ መንሸራተት ይጀምራል። መሪ ታዞራላችሁ፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። በአራቱም ጎማ የምትነዳ መኪና ከሆነች ጣጣው ይብሳል፤ የፊትና የኋላ ጎማ ቁመት ከተለያየ ዲፈረንሻሉን ይፈጀዋል።

ስፋትን ከላስቲኩ ማስበለጥ

የመጀመሪያዋ 86 በ2012 ስትወጣ 17 ኢንች ቸርኬ ላይ ሚሽለን ፕራይመሲ ኤችፒ ነበራት፤ 215/45። ሰው «የፕሪየስ ጎማ» እያለ፣ የነዳጅ ቆጣቢዋን ቶዮታ ስም እየጠራ አሾፈባት። የመኪናዋ ዋና መሐንዲስ ቴትሱያ ታዳ ግን ነገሩን ሆን ብሎ ነበር ያደረገው። መኪናዋ በትንሽ ፍጥነትም እንድታጫውት ፈልጎ ነው። ቀጥሎ አዲሲቱ ጂአር86 መጣች። ባለ 18 ኢንቿ ሚሽለን ፓይለት ስፖርት 4 አደረገች፤ ኩርባ ላይ አያያዟ በደንብ ተሻሻለ። የጎማዋን ስፋት ታውቃላችሁ? አሁንም 215።

እኔ 235 ከመግዛቴ በፊት ይህን አንድ ነገር ባስብ ኖሮ ብዙ ብር ይተርፈኝ ነበር። ርካሽ ሰፊ ጎማና ጥሩ ጠባብ ጎማ እኩል ዋጋ ቢሆኑ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ጠባቡን ነው የምወስደው። ጎማው መሬት የሚነካበት ቦታ መጠን በአመዛኙ የሚወሰነው በመኪናው ክብደትና በነፋሱ ግፊት ነው። ስፋት ሲጨምር ቦታው በብዛት ቅርጹን ነው የሚቀይረው፤ አጠር ብሎ ሰፋ ይላል። ያ ኩርባ ላይ ይጠቅማል። ውሃ ላይ ግን ይጎዳል፤ ሰፊ ጎማ ውሃውን ሰንጥቆ ከማለፍ ይልቅ ላዩ ላይ መንሳፈፍ ይቀናዋል። እዚህ ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ድንገት የሚወርደውን ዶፍ ቤልትዌይ ላይ (ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና ነው) የቀመሰ ሰው ይህን አይንቅም።

ስለ «በጋ» አንድ ነገር

አገር ቤት ሰኔና ሐምሌ ክረምት ነው። እዚህ ደግሞ ፀሐዩ አናት የሚበሳበት ወር ነው። ስለዚህ «ሰመር ጎማ»ን በአማርኛ ስታስረዱ ሰው ይምታታበታል። አክስቴን በስልክ «የበጋ ጎማ ገዛሁ» ስላት «እንግዲያው ዝናብ ሲመጣ አውልቀው» ብላኛለች። የበጋ ጎማ ግን በሞቃት ዝናብ ጎበዝ ነው። ጠላቱ ብርድ ነው። ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በታች (45 ፋራናይት መሆኑ ነው) ላስቲኩ እየጠጠረ መያዙን ይቀንሳል። ከዜሮ በታች ሲወርድ ደግሞ ጥርሱ ሊሰነጠቅ እንደሚችል አምራቾቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። እኔ ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ካለው የምስጋና ቀን በኋላ አውልቄ አስቀምጠዋለሁ። «ሰፊ ነው፣ ይይዛል» ብሎ ጥር ላይ በሱ የነዳ ልጅ አውቃለሁ። ያተረፈው የፓራፋንጎ ወጪ ነው።

ሌሎች ጥቃቅን ነገሮች

ከልኩ ቀጥሎ ያለውን ቁጥርና ፊደል አትዝለሉ። 85 ማለት አንዱ ጎማ 515 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ከፋብሪካው በታች አትውረዱ። ደብልዩ እስከ 270፣ ዋይ እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። የተመረተበትን ቀን ጎኑ ላይ በአራት አሃዝ ታገኙታላችሁ፤ 2322 ካለ በ2022 በ23ኛው ሳምንት ነው። «ቅናሽ ነው» የተባላችሁት ጎማ አንዳንዴ የቆየ ነው። ካስገጠማችሁ በኋላ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው አዙራችሁ ከውስጥ አሞርዛተሩን፣ ከውጭ ፓራፋንጎውን አለመንካቱን እዩ። ነፋሱን ደግሞ በሩ ጎን ካለው ወረቀት ጀምሩ። ጎማው ላይ የተጻፈው የመጨረሻው ጣሪያ ነው እንጂ የሚሞላው ልክ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት የ86 መንትያ በሆነችው ሱባሩ ቢአርዜድ መጣ። አዲስ ናት፣ ታብረቀርቃለች። «ጋሼ፣ 245 ይገባል?» አለኝ።

«ቸርኬህ ስንት ነው?»

«አሥራ ስምንት።»

«ስፋቱን ነው የምልህ።»

አላወቀውም። ብዙ ሰው አያውቀውም። ቁጥሩ ከውጭ አይታይም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቸርኬው ጀርባ ነው የሚቀረጸው። ስልኩን አብርቶ አስፋልቱ ላይ በጀርባው ተኛና ብርሃኑን ወደ ውስጥ አበራ። ብዙ ፈለገ። ከታች ሆኖ ጮክ ብሎ አነበበልኝ። «አሥራ ስምንት በሰባት ተኩል፣ ከዚያ ጄ ይላል።» ዝም አለ። ከዚያ፣ እዚያው ተኝቶ፣ «ሁለት መቶ ሃያ አምስትስ?» አለ።