አናሃይም ዲዝኒላንድ ከሄዳችሁ ቤተ መንግሥቱን ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትለፉ

ካሊፎርኒያ ያለው የስሊፒንግ ቢውቲ ካስል (በተረቱ የምትታወቀው የተኛችው ልዕልት ቤተ መንግሥት) ውስጡ ይጎበኛል፤ አብዛኛው ሰው ግን ሳያውቅ ያልፈዋል። ድልድዩን ተሻግራችሁ በቅስቱ ስር ወደ ፋንታሲላንድ (የመናፈሻው የተረት ክፍል) ስትወጡ ወደ ግራ ታጠፉ፤ ትንሽዬ በር ናት፣ ዓይን አትስብም። ከመናፈሻው መግቢያ ትኬት ሌላ ክፍያ የለም፣ ሰልፉም ብዙውን ጊዜ አጭር ነው።

ውስጡ የልዕልቷ ተረት በየመስኮቱ በትዕይንት ይታያል። ጉብኝቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ታሪኩን የሚተርከው የዲዝኒ ፊልም ገና በ1959 ነው የወጣው! በ2001 ተዘግቶ በ2008 መጨረሻ እንደገና ተከፈተ።

ደረጃው ጠባብና ጠመዝማዛ ስለሆነ የሕፃን ጋሪ ውጭ አቁሙ። ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው ታች ጉብኝቱን በስክሪን የሚያሳይ ክፍል አለ፤ ሠራተኛውን ጠይቁ።

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በየመስኮቱ አየት አድርጎ ይሮጣል። ትዕይንቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ መብራታቸውም ይቀያየራል፤ እያንዳንዱ ጋ ጥቂት ሰኮንድ ቆም በሉ። ከኋላ ሰው ከመጣ አሳልፉት። ፎቶ ስታነሱ ፍላሽ አጥፉ፣ አለዚያ መስታወቱ ላይ የሚታየው የራሳችሁ መብራት ነው፤ ስልኩን ወደ መስታወቱ አስጠጉት። ርችት በሚተኮስበት ምሽት አካባቢው ቀደም ብሎ ስለሚዘጋ በቀን ግቡ።